ፊሊበስተር ምንድን ነው? በጅማ የክርክር ምሽቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በጅማ ከሁለተኛ ደረጃና ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር በምናካሂዳቸው የክርክር ምሽቶች፣ ስለ አሜሪካ ሴኔት በተወራ ቁጥር አንድ ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም። «ከ100 መቀመጫ 51 የያዘ ወገን እንዴት ሕግ ማውጣት ያቅተዋል?» ይህ ገጽ ለዚያ ጥያቄና ተከትለውት ለሚመጡት መልስ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው። የውጭ አገር ቀኖች፣ ወሮችና ዓመታት እ.ኤ.አ.፣ የኢትዮጵያዎቹ በእኛው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ፊሊበስተር ምንድን ነው?

በአንድ ረቂቅ ሕግ ላይ ድምፅ እንዳይሰጥ ክርክሩን ሆን ብሎ ማራዘም ነው። አናሳው ወገን ድምፅ ቢሰጥ እንደሚሸነፍ ያውቃል። ስለዚህ ሙግቱን የሚያካሂደው በድምፅ ቁጥር ሳይሆን በሰዓት ነው።

ከሰዓት በኋላ የተጀመረ የእድር ስብሰባ አስቡ። መዋጮ ይጨመር የሚሉት ይበዛሉ። የማይፈልጉት ጥቂቶች ግን የመናገር ተራ እየተቀባበሉ የመግሪብ አዛን እስኪሰማ ይቆያሉ፤ ሰዉ መነሣት ይጀምራል፤ ሰብሳቢውም «ለሚቀጥለው ወር ይተላለፍ» ይላሉ። መዋጮው አልተሻረም፣ ነገር ግን አልጸደቀም። በአንድ ወር ውስጥ ደግሞ የሰው ሐሳብ ሊለወጥ፣ ሽማግሌ ሊገባበት፣ ሊረሳም ይችላል። በታላላቅ ምክር ቤቶች የሚደረገውም በመሠረቱ ይኸው ነው።

የጀመረው አሜሪካ ነው?

አይደለም። በጥንታዊቷ ሮም ታናሹ ካቶ ፀሐይ እስክትጠልቅ እየተናገረ ውሳኔ ያስተጓጉል ነበር፤ የሮም ሴኔት ከመሸ በኋላ አይወስንምና። አሜሪካን የተለየች የሚያደርጋት ልማዱ ሥር ሰዶ መቅረቱ ነው። ይህም የሆነው በዕቅድ አልነበረም። በ1805 ምክትል ፕሬዚዳንት ኤረን በር ሴኔቱ ደንቡን እንዲያቃልል መከረ፤ በ1806 ክርክርን በአብላጫ ድምፅ ለመቁረጥ ሊያገለግል ይችል የነበረው አንቀጽ ከደንቡ ወጣ። በዚያን ጊዜ ማንም ቁብ አልሰጠውም። ክፍተቱ የማገጃ መሣሪያ መሆኑ በደንብ የታወቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ውስጥ ስለ ፊሊበስተር አንድም ቃል የለም። ብዙ ተማሪዎች በሕገ መንግሥት የተደነገገ ስለሚመስላቸው ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ።

60 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ?

በ1917 ፕሬዚዳንት ዊልሰን የንግድ መርከቦችን ለማስታጠቅ ያቀረቡት ረቂቅ በጥቂት ሴናተሮች ንግግር ታግቶ ቀረ። ሕዝቡ ተቆጣ፤ ሴኔቱም በዚያው ዓመት ክርክርን በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መዝጋት የሚያስችል ደንብ አወጣ። በ1975 ይህ ወደ ሦስት አምስተኛ ዝቅ ተደረገ፤ ከ100 ሴናተሮች 60 ማለት ነው።

ቁጥሩን ብቻ መያዝ ግን ነገሩን አያስረዳም። የመዝጊያው ሂደት ራሱ ጊዜ ይበላል። መጀመሪያ 16 ሴናተሮች የፈረሙበት ጥያቄ ይቀርባል፤ ጥያቄው በማግስቱ አይታይም፤ በመካከል አንድ የሥራ ቀን ማለፍ አለበት። ከዚያ 60 ድምፅ ተገኝቶ እንኳ እስከ 30 ሰዓት የሚደርስ ተጨማሪ ክርክር ይፈቀዳል። አንድ ሹመት ወይም አንድ ረቂቅ ሕግ የሳምንቱን ግማሽ ሊወስድ ይችላል። አብላጫው በጀት፣ ሹመትና ሌሎች ሕጎች ተደራርበው እየጠበቁት ስለሆነ፣ ዓርብ ሲደርስ «ይህኛው ይቅርብን» ማለት ይጀምራል። አናሳው የሚፈልገውም ይህንን ነው። ብዙ ጊዜ ረቂቁን የሚጥለው የተናጋሪው አንደበት ሳይሆን የተጨናነቀው የሥራ መርሐ ግብር ነው።

በእርግጥ ቆመው ሌሊቱን ሙሉ ይናገራሉ?

አንዳንዴ አዎ፤ ታሪክ የሚያስታውሰውም እነዚያን ነው። በነሐሴ ወር 1957 የደቡብ ካሮላይናው ስትሮም ተርመንድ የጥቁሮችን መብት ለማስጠበቅ የቀረበውን የሲቪል መብቶች ሕግ በመቃወም 24 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ተናገረ። ወደ ሽንት ቤት መሄድ እንዳያስፈልገው አስቀድሞ በእንፋሎት መታጠቢያ ገብቶ ከሰውነቱ ውኃ አስወጣ። የየክፍለ ግዛቱን የምርጫ ሕግ እየገለበጠ አነበበ፤ የነጻነት ዐዋጁንም አነበበ። እንደጨረሰ ጥቂት ሰዓት ሳይቆይ ሕጉ በ60 ለ15 ጸደቀ። ያን ያህል ድካም ለምን ከንቱ ቀረ? የደቡብ ሴናተሮች ረቂቁ ከለዘበ በኋላ ላለማገት ተስማምተው ስለነበር ብቻውን ቀረ። የተቀባባይ ተራ የሌለው ፊሊበስተር የአንድ ሰው ሰውነት የሚችለውን ያህል ብቻ ይቆያል።

በ1964 ትምህርቱን ቀስመው መጡ። በሪቻርድ ራስል የሚመሩት 18 የደቡብ ሴናተሮች ስድስት ስድስት ሆነው በሦስት ቡድን ተከፈሉ፤ አንዱ ሲናገር ሌሎቹ ያርፋሉ። የሲቪል መብቶች ሕጉን 60 የሥራ ቀናት ያህል አገቱት። ሰኔ 10 ቀን የክርክር መዝጊያው ድምፅ ሲሰጥ 67 ያስፈልግ ነበር። ክሌር ኤንግል የተባለ ሴናተር በአንጎል ዕጢ ታሞ መናገር ተስኖት ነበር፤ በተሽከርካሪ ወንበር ወደ አዳራሹ አስገቡት፤ ስሙ ሲጠራ በእጁ ምልክት ድጋፉን ሰጠ። ውጤቱ 71 ለ29 ሆነ። ተማሪዎች «አንድ ድምፅ ምን ያመጣል?» ሲሉ ይህን ሰው እንዲያስታውሱት እፈልጋለሁ።

የተርመንድን ክብረ ወሰን የሰበረው የኒው ጀርዚው ኮሪ ቡከር ነው፤ ከመጋቢት 31 እስከ ሚያዝያ 1 ቀን 2025 ለ25 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ተናገረ። እርሱ ግን የተለየ ረቂቅ ሕግ አላገተም። ንግግሩ የተቃውሞ ንግግር ስለነበረ በጥብቅ ትርጉሙ ፊሊበስተር አይባልም።

ዛሬ አብዛኛው ፊሊበስተር ንግግር የለበትም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሴኔቱ አመራር የታገተውን ረቂቅ ወደ ጎን አድርጎ በሌላ ጉዳይ መሥራት የሚያስችል አሠራር አስለመደ። ሐሳቡ ሥራ እንዳይቆም ነበር። ውጤቱ ግን አጋቹን ከድካም ነጻ አወጣው፤ አሁን «እቃወማለሁ» የሚል መልእክት ማስተላለፍ ብቻ ይበቃዋል፤ አብላጫው 60 ድምፅ ከሌለው ረቂቁን ወደ መድረክ አያመጣውም። እኔ ትልቁ ስብራት እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። ሌሊቱን ሙሉ የቆመ ሰው ለሕዝብ «ይህን ያህል አምኜበታለሁ» ይላል፤ ሕዝብም አይቶ ይፈርዳል። በስልክ የሚታገት ሕግ ግን ለምን እንደታገተ፣ ማን እንዳገተው እንኳ ዜጋው ሳያውቅ ይቀራል።

ሕጉ መጽደቁ ካልቀረ መዘግየቱ ምን ይጠቅማል?

ከሁሉም የምወደው ጥያቄ ይህ ነው፤ የስልቱ ልብ እዚህ ስላለ።

ማዘግየት የሚጠቅመው ወይ ከፊት የማይዘለል ቀነ ገደብ ሲኖር ነው፣ ወይ ደግሞ በተገኘው ጊዜ ከአዳራሹ ውጭ የሚለወጥ ነገር ሲኖር ነው። የመጀመሪያውን በቴክሳስ እናገኘዋለን። ሰኔ 25 ቀን 2013 የክፍለ ግዛቷ ሴናተር ዌንዲ ዴቪስ ጽንስ ማቋረጥን የሚገድብ ረቂቅ ለማገት ተነሣች። ልዩ ጉባኤው የሚዘጋው እኩለ ሌሊት ላይ ነበር። የቴክሳስ ደንብ ከዋሽንግተኑ ይጠብቃል፦ መብላት፣ መጠጣት፣ መቀመጥ፣ ጠረጴዛ መደገፍ፣ ከርዕሱ መውጣት ክልክል ነው። የስፖርት ጫማ አድርጋ ለ11 ሰዓት ያህል ቆመች። ባልደረባዋ የወገብ ድጋፍ ሲያስርላት እንደ ጥፋት ተቆጠረባት፤ ከርዕስ ወጥታለች ተብሎም ንግግሯ ተቋረጠ። በዚያን ጊዜ ፎቅ ላይ የነበረው ሕዝብ ጩኸቱን አቀለጠው፤ ድምፅ አሰጣጡ በትርምሱ መካከል እኩለ ሌሊትን አለፈ፤ ረቂቁም ወደቀ። ገዥው ግን ሌላ ልዩ ጉባኤ ጠሩና ሕጉ በሐምሌ ወር ጸደቀ። በ2016 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዋና ድንጋጌዎቹን ሻራቸው። በጉዳዩ ላይ የማንም አቋም ምንም ይሁን፣ ስልቱን ለሚያጠና ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም፤ ቀነ ገደቡ፣ ደንቡ፣ ታዛቢው ሕዝብ፣ የአብላጫው አጸፋ ሁሉ በአንድ ቦታ ይታያል።

ሁለተኛው ዓይነት በደቡብ ኮሪያ ታይቷል። በ2016 ተቃዋሚ የምክር ቤት አባላት የፀረ ሽብር ሕጉን በመቃወም በፈረቃ 192 ሰዓት ተናገሩ። ሕጉ ጸደቀ። ነገር ግን ለዘጠኝ ቀን ያህል አገሩ በሙሉ ስለ ሕጉ ይዘት ሲነጋገር ሰነበተ።

የአብላጫው ወገን መልስ ምንድን ነው?

መንገዶቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው መደራደር ነው፤ ሁለተኛው መዞር፤ ሦስተኛው ደንቡን መስበር።

መደራደሩ ግልጽ ነው። መዞር የሚቻለው በ1974 በወጣው የበጀት ሕግ በኩል ነው፤ ይህ ሕግ ከገቢና ከወጪ ጋር የተያያዙ የተወሰኑ ረቂቆች በ51 ድምፅ እንዲያልፉ ይፈቅዳል። ዴሞክራቶች በ2009 ለጥቂት ወራት 60 መቀመጫ ነበራቸው። በጥር 2010 በማሳቹሴትስ በተደረገ ማሟያ ምርጫ አንዱን አጡ። የጤና መድን ማሻሻያውን የመጨረሻ ማስተካከያዎች ያሳለፉት በዚህ የበጀት መንገድ ነበር። የአንድ ክፍለ ግዛት ምርጫ የአንድን አገር ሕግ መንገድ እንዴት እንደሚያስቀይር ልብ በሉ።

ሦስተኛውን «የኑክሌር አማራጭ» ይሉታል። በ2013 በሃሪ ሪድ የሚመሩት ዴሞክራቶች ከጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች በስተቀር ሹመቶች በተራ አብላጫ ድምፅ እንዲያልፉ አደረጉ። በ2017 ደግሞ በሚች መኮኔል የሚመሩት ሪፐብሊካኖች የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ጨመሩበት። ሁለቱም ወገኖች አብላጫ ሲሆኑ ደንቡን ያማርራሉ፣ አናሳ ሲሆኑ ይጠለሉበታል። ለተራ ሕጎች ግን 60 እስካሁን አለ። በጥር 2022 የምርጫ መብት ረቂቅን ለማሳለፍ ደንቡ ይለወጥ ሲባል፣ ዴሞክራቶቹ ሴናተሮች ጆ ማንቺንና ኪርስተን ሲነማ የገዛ ፓርቲያቸውን ሐሳብ ተቃውመው ለውጡ ወደቀ። ዛሬ የሚያፈርሱት አጥር ነገ አናሳ ሲሆኑ ያስፈልጋቸዋል፤ ደንቡን በሕይወት ያቆየው ይህ ስጋት ነው።

ፕሬዚዳንቱ ፊሊበስተርን ማስቆም ይችላል?

አይችልም። የሴኔቱ ደንብ የሴኔቱ ብቻ ነው።

በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤትስ?

እዚያ የለም። የንግግር ጊዜ አስቀድሞ ይመደባል። የፓርቲ መሪዎች ብቻ በልማድ ያልተገደበ ጊዜ ይሰጣቸዋል፤ ሐኪም ጄፍሪስ የሚባለው የዴሞክራቶች መሪ በሐምሌ ወር 2025 በዚሁ ተጠቅሞ ከ8 ሰዓት ተኩል በላይ ተናግሯል። የድምፅ አሰጣጡን ሰዓት ከመግፋት ያለፈ ውጤት አላመጣም።

ሌሎች አገሮች እንዴት ይዘውታል?

በብሪታንያ በ1881 የአየርላንድ ተወካዮች የታችኛውን ምክር ቤት 41 ሰዓት ያለ ዕረፍት አስቀመጡት፤ አፈ ጉባኤው በገዛ ሥልጣኑ ክርክሩን ዘጋ፤ በዓመቱ የክርክር መዝጊያ ደንብ ወጣ። በጃፓን ተቃዋሚዎች ወደ ድምፅ መስጫው ሣጥን እግራቸውን እየጎተቱ በዝግታ ይሄዱ ነበር፤ በ1992 ወታደሮችን ለሰላም ማስከበር ስለ መላክ በወጣው ሕግ ላይ ይህ አረማመድ ሰዓታትን ፈጅቷል። ፈረንሳዮች ደግሞ የማሻሻያ ሐሳብ ያዘንባሉ። በ2020 በጡረታ ረቂቁ ላይ ከ40,000 በላይ ማሻሻያ ቀረበ፤ መንግሥትም ሕገ መንግሥቱ የሚፈቅድለትን አንቀጽ 49.3 ተጠቅሞ ያለ ድምፅ አሳለፈው። ምልዓተ ጉባኤ ማጓደልም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ በ2021 የቴክሳስ ዴሞክራት ተወካዮች ምክር ቤቱ እንዳይሞላ በአውሮፕላን ወደ ዋሽንግተን ሄደዋል።

በኢትዮጵያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፊሊበስተር ማድረግ ይቻላል?

አሁን ባለው አሠራር አይቻልም። የንግግር ጊዜ የሚመደብ ነው፤ ዕድሉን የሚሰጠውም አፈ ጉባኤው ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 መሠረት ከግማሽ በላይ አባላት ከተገኙ ምልዓተ ጉባኤ ይሞላል፤ በአንቀጽ 59 መሠረት ደግሞ በሕገ መንግሥቱ በሌላ አኳኋን ካልተደነገገ በስተቀር ውሳኔ የሚያልፈው ተገኝተው ድምፅ በሰጡት አብላጫ ነው።

ከደንቡ በላይ ግን የመቀመጫው ስብጥር ይወስናል። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ተቃዋሚዎች ከ547 መቀመጫ ከ170 በላይ አሸንፈው ነበር፤ ምንም እንኳ ከእነርሱ መካከል መቀመጫቸውን ያልተረከቡ ቢኖሩም። በ2007 ዓ.ም. ሁሉንም መቀመጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ወሰዱት። አንድ ወገን ብቻ በተቀመጠበት አዳራሽ የማገጃ ደንብ ቢኖርም የሚጠቀምበት ሰው የለም። የተከፋፈለ ምክር ቤት ሲባል ብዙዎች እንደ በሽታ ያዩታል። እኔ ግን እንደዚያ አላየውም፤ ጥያቄ የሚጠየቅበት ቤት የተለያየ ሐሳብ ያለበት ቤት ነው።

ከፍ ያለ የድምፅ ልክ ግን በሕገ መንግሥታችንም አለ። የሕገ መንግሥት ማሻሻያና የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃሉ። በየካቲት 2010 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጁ ሲጸድቅ 88 አባላት ተቃውመው ነበር፤ የድጋፉ ቁጥር መጀመሪያ 346፣ ኋላ 395 ተብሎ መነገሩም ብዙ አከራክሯል። ልኩ ግማሽ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስለ ቁጥሩ ያን ያህል የሚከራከር ባልኖረ ነበር።

አንድ ብልህ ተማሪ «በእኛ ምክር ቤት ማዘግየት ጥርስ የሚኖረው መቼ ነው?» ብላ ጠይቃለች። መልሱ አንቀጽ 58 ላይ ነው። የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ተጀምሮ ሰኔ 30 ያበቃል፤ አዲሱ በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ብርቱ ተቃዋሚ ያለበት ምክር ቤት ቢኖረን፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ የእያንዳንዱ ቀን ዋጋ ይንር ነበር።

የገዳ ጉባኤ ረጅም ውይይትስ ፊሊበስተር አይባልም?

ጅማ ላይ ሆኖ ይህን አለመጠየቅ አይቻልም። አይባልም። በገዳ ሥርዓት፣ ለምሳሌ በቦረና በየስምንት ዓመቱ በሚካሄደው ጉሚ ጋዮ፣ ውይይት የሚረዝመው ወደ ስምምነት ለመድረስ ነው፤ የሚናገረው ሰው ነገሩ እንዲቋጭ ይፈልጋል። ፊሊበስተር አድራጊ የሚፈልገው እንዳይቋጭ ነው። በውጭ ሲታዩ ሁለቱም ብዙ ንግግር ናቸው። ግባቸው ግን ፊትና ጀርባ ነው። በእኛ አካባቢ የጊቤ መንግሥታት በ19ኛው መቶ ዘመን ወደ ንጉሣዊ አገዛዝ ሲዞሩ የገዳ ጉባኤዎች ሥልጣናቸውን ለንጉሡ ለቀዋል። ጅሬን የሚገኘውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የጎበኘ ሁሉ የውሳኔው ማእከል ወዴት እንደዞረ በዓይኑ ያያል።

ታዲያ ፊሊበስተር ለዴሞክራሲ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?

ታሪኩን ላጠና ሰው መልሱ ቀላል አይደለም። በአሜሪካ ለአሥርተ ዓመታት በዋናነት ያገለገለው የጥቁሮችን መብት ለመግፈፍ ነው፤ የደቦ ግድያን የሚከለክሉ ሕጎች እንኳ በዚሁ ታግተዋል። ይህን የዘለለ ማንኛውም ውዳሴ ሐሰት ነው። በሌላ በኩል አብላጫው በሦስት ቀን ጥድፊያ አገር የሚለውጥ ሕግ እንዳያወጣ የሚያስቆም ነገር ያስፈልጋል፤ የጥድፊያ ሕግ ዕዳ የሚከፈለው ለረጅም ዓመታት ነውና።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ማዘግየት ይፈቀድ፣ ነገር ግን በአደባባይ ይሁን፣ አድራጊውንም ያድክም፣ በመጨረሻም ድምፅ ይሰጥ። የማያልቅና የማይታይ እገዳ የአናሳን መብት መጠበቅ ሳይሆን አናሳን ገዥ ማድረግ ነው።

በትምህርት ቤታችን ምስለ ፓርላማ ልንለማመደው እንፈልጋለን። ደንቡ እንዴት ይሁን?

25 አባላት ይበቃሉ። 14ቱ አብላጫ፣ 11ዱ አናሳ ይሁኑ፤ ክርክር ለመዝጋት 15 ድምፅ ይጠየቅ። እንዲህ ሲሆን አብላጫው አንድ ሰው ከወዲያ ማምጣት ግድ ይሆንበታል፤ ድርድሩም እዚያ ላይ ይሞቃል። ጠቅላላ ጊዜው 90 ደቂቃ ሆኖ በመጨረሻው ደቂቃ ድምፅ ያልተሰጠበት ረቂቅ ይውደቅ። የሚናገር ሰው ይቁም፤ ከርዕሱ ሦስት ጊዜ ከወጣ ተራውን ይጣ። ርዕሱን ከአካባቢያችሁ ምረጡ፤ የአዌቱ ወንዝ ዳርቻ ጽዳት ወይም የባጃጅ መቆሚያ ቦታ ከሩቅ አገር ጉዳይ ይልቅ ያከራክራል። በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም መናገር ይፈቀድ፤ የትርጉም ደቂቃ ከተናጋሪው ጊዜ አይቆጠር። ሁለተኛ ዙር ስትጫወቱ ወገን ቀይሩ፣ ያገተው አብላጫ ይሁን። ሰዓት የሚይዘው ሰው ከሁለቱም ወገን ያልሆነ፣ ሰዓቱም ለሁሉም በሚታይ ቦታ የተቀመጠ ይሁን።